የኳታር ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት፦ መዝገቡ ሀብታም፣ ፍለጋው አሳሳች

ስለ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ታሪክ የሚያጠና ሰው ዛሬ ለንደን ድረስ ሳይሄድ ብዙ መሥራት ይችላል። የኳታር ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ብሪቲሽ ላይብረሪ በ2014 እ.ኤ.አ. የከፈቱት ይህ ድረ ገጽ እንግሊዝ ሕንድን ታስተዳድርበት የነበረውን የሕንድ ቢሮ ፋይሎች፣ ካርታዎችና ፎቶግራፎች ያለ ክፍያ ያስነብባል። ገጹ በእንግሊዝኛና በዐረብኛ ይሠራል፤ ፋይሎቹ ግን በብዛት እንግሊዝኛ ናቸው።

ድክመቱ ፍለጋው ላይ ነው። ጽሑፉን ከምስሉ ያወጣው ኮምፒውተር ስለሆነ በታይፕ የተመታውን ደህና ያነባል፣ የእጅ ጽሑፉን ግን ያበላሻል። ስለዚህ የፈለጋችሁት ስም አለመምጣቱ ሰነዱ የለም ማለት አይደለም። በጥቅል ቃል ፋይሉን አግኙ፣ ከዚያ ባለሙያ የጻፈውን መግለጫ አንብቡ። ወረቀቶቹ ከፊት ወደ ኋላ ይሁን ከኋላ ወደ ፊት መደርደራቸው እዚያ ተጽፏል፤ ይህን ሳያይ የገባ ሰው መልሱን ከጥያቄው በፊት ያነባል። የዓመት ማጣሪያውም ያሳስታል። ቀኑ የሙሉ ፋይሉ ነውና ከ1905 እስከ 1929 በሚል ፋይል ውስጥ የ1910 ወረቀት አንድም ላይኖር ይችላል።

ለእኛ ከሁሉ የሚከብደው ኢራን ውስጥ በነበረው የእንግሊዝ ተጠሪ ጽሕፈት ቤት፣ በቡሺር ሬዚደንሲ፣ ፋይሎች (የመዝገብ ምልክት አር/15/1) ውስጥ ያለው የነፃነት ጥያቄ ነው። በባርነት የተያዙ ሰዎች ሻርጃ፣ ባሕሬን ወይም ሙስካት ወዳለው የእንግሊዝ ወኪል ቀርበው የሰጡት ቃል ነው፦ ስም፣ በግምት የተጻፈ ዕድሜ፣ የትውልድ አገር፣ ማን ለማን እንደሸጣቸው። ከኢትዮጵያ የተወሰዱም አሉበት። ጸሐፊዎቹ የሚጠቀሙት «አቢሲኒያ» ወይም «ሀብሺ» የሚለውን ስለሆነ «ኢትዮጵያ» ብሎ መፈለግ ብዙ አያስገኝም። ቃሉ በአስተርጓሚ አልፎ በተለመደ አጻጻፍ ስለሰፈረ የሰውም የቦታም ስም ይዛባል፤ ድምፅ እያሰማችሁ ብታነቡት የጠፋው ስም አንዳንዴ ይመለሳል። ብዙዎቹ ስማቸው ሌላ የትም ያልተጻፈ ሰዎች ናቸውና ተቻኩሎ ማለፍ አይገባም።

ስትጠቅሱ የምስሉን ተራ ሳይሆን የቅጠሉን (ፊትና ጀርባ ያለውን የአንዱን ወረቀት) ቁጥር ጻፉ። ብዙውን ጊዜ በእርሳስ ተጽፎ በክብ የተከበበ ሲሆን በቅጠሉ ፊት፣ በስተቀኝ ራስጌ ላይ ይገኛል። አንዳንድ ፋይል ያልተከበበ ሌላ ቁጥርም ስላለው እሱን የተከተለ አንባቢውን ወደ ተሳሳተ ገጽ ይልካል።

ፎቶግራፎቹ ሲጎሉ ጥርት ብለው ይታያሉ። ከማተማችሁ በፊት ግን በእያንዳንዱ ሥር የተጻፈውን የአጠቃቀም ፈቃድ እዩ፤ ለሁሉም አንድ አይደለም።

የሎሪመር ጋዜተር የሚባለው የባሕረ ሰላጤው አገሮች ማውጫ መጽሐፍም እዚሁ አለ፤ የመልክዓ ምድሩ ክፍል በ1908፣ የታሪኩ በ1915 የታተመ፣ ለመንግሥት ሹማምንት ተብሎ የተዘጋጀ ነው። መንደሩን፣ ጎሳውን፣ የውኃ ጉድጓዱን ሳይቀር ይዘረዝራል። አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ከእሱ ይጀምር።