የዲኤክሴን ሙቀት ጌጅ ላስተካከለልኝ የኮምቦልቻ ባለሙያ ምስጋናዬ ይድረሰው

ወገኖቼ፣ ይህን ሰው ሳላመሰግን ማደር አልቻልኩም። ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ በተለይ አሮጌ መኪና የምትነዱ፣ እባካችሁ አንብቡልኝ።

መኪናዬ ከአባቴ የቀረች የ1986 እ.ኤ.አ. ስሪት ኮሮላ ዲኤክስ ናት። አባቴ፣ አላህ ይማረውና፣ እንደ ልጁ ነበር የሚንከባከባት። አሁን ኮምቦልቻ ሠርቼ ደሴ የምገባው በእሷ ነው። ታዲያ የሞተሯን ሙቀት በመርፌ የሚያሳየው ጌጇ አመል አወጣ። አመሻሽ ላይ ወደ ደሴ የሚያስገባውን የሐረጎን ዳገት ስወጣ መርፌው ተስፈንጥሮ ቀዩ ላይ ቁጭ ይላል። ሐረጎን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ በዚያ ዳገት፣ በዚያ ጨለማ፣ ሞተር ጋለ ሲባል ልብ ይከዳል። እናቴ ከኋላ ሆና "ኧረ አቁሚው ልጄ!" ትላለች። ቆሜ ኮፈኑን ስከፍት የፈላ ነገር የለም።

ያልሄድኩበት ጋራዥ የለም። አንዱ ቴርሞስታት ቀየረ። ሌላው ራዲያተር አስገዛኝ። አንዱማ በወጉ ሳያያት "ቴስታታው ይውረድ" አለኝ፤ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ይፈታ ማለቱ ነው። ለምን ስል መልሱ "አንቺ አይገባሽም" ነው። ገንዘቤ ሄደ፣ መርፌው ግን ያው። አንድ እንኳ ቁጭ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

በመጨረሻ የሥራ ባልደረባዬ ኮምቦልቻ ወዳለ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ላከችኝ። ወጣት ነው። ካቻቢቴ ከማንሳቱ በፊት "እህቴ፣ መቼ መቼ ነው የሚወጣው?" አለኝ። "ማታ ማታ" አልኩት። ትንሽ አሰበና የፊት መብራቱን አበራ። መርፌው ብድግ! አጠፋው። ወረደ። የነዳጁ መርፌም አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይወርዳል።

"አየሽ፣ ሞተር በአንዴ ግሎ በአንዴ አይቀዘቅዝም። ሞተርሽ ደህና ነው፣ የሚዋሸው ጌጁ ነው። አብሽሪ" አለኝ። እንባዬ መጣ።

ከዚያ ያደረገው ነገር በደንብ አልገባኝም። ከዳሽቦርዱ ጀርባ አንድ የዛገ የሽቦ ማሰሪያ ፈቶ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገና መልሶ አሰረው። ምንም ዕቃ ግዢ አላለኝም። የእጁንም የጠየቀኝ ከምሳ ዋጋ አይበልጥም።

በዚህም አላበቃም። "ችግሩ ማታ ከሆነ መሞከር ያለበት ማታ ነው" ብሎ ሱቁን ዘግቶ ከእኔና ከእናቴ ጋር ሐረጎን ወጣ። መብራቱ በርቷል፣ መርፌው መሀል ላይ ነቅነቅ አላለም። እናቴ ስትመርቀው ደሴ ገባን። ቡና ጠጣ ብንለው "ይመሽብኛል" ብሎ በሚኒባስ ተመለሰ። የመሳፈሪያውን እንኳ በግድ ነው ኪሱ የከተትኩለት። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል? አላህ እጁን ይባርክለት።

ስሙን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምኖኛል። ጌጅ የሚያስቸግራችሁ፣ መብራት የሚያስቸግራችሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እመራችኋለሁ። ደግሜ እላለሁ፣ አንድም ዕቃ ሳትገዙ መጀመሪያ እሱ ይያት። ቅዳሜ ከሰዓት ወረፋ ስለሚበዛበት ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል።