ውሃው ደህና ነው፣ የወር ቢሉ ግን ያጣላል

ሰው ስለ ምግብ ቤትና ስለ ስልክ አስተያየት ይጽፋል። በየወሩ ስለምንከፍልበት የቧንቧ ውሃ ግን የሚጽፍ አላየሁም። ባይጥምህ ሌላ መስመር የለማ! እኔ ግን ልጽፍ ነው።

መጀመሪያ ደህናውን። ክሎሩ አንዳንዴ ይሸታል እንጂ ውሃው ንጹህ ነው። መስመር ሲፈነዳ ስልክ ካነሱልህ ቶሎ ይመጣሉ። ክፍያው በሞባይል ስለሆነ ሰልፉ ቀርቷል። ተመስገን።

ነገሩ ያለው ታሪፉ ላይ ነው። በእርከን የሚጨምር ታሪፍ ነው። የመጀመሪያዎቹ 5 ሜትር ኩብ ርካሽ ናቸው፤ ከዚያ በላይ እየተወደደ ይሄዳል። በብዙ ታዳጊ አገሮች የተለመደ አሠራር ነው። ሐሳቡም ሸጋ ነው፦ ድሃው ትንሽ ስለሚጠቀም ትንሽ ይክፈል፣ ሣር የሚያጠጣው ይደጉመው። ወረቀት ላይ እንከን አይወጣለትም።

እኛ ግቢ ግን አራት አባወራ አንድ ቆጣሪ ላይ ነን። እያንዳንዱ ቤት በወር 5 ሜትር ኩብ፣ ማለትም ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን 250 ጊዜ ቢሞላ፣ ቆጣሪው 20 ሜትር ኩብ ያነባል። አራት ቤት መሆናችንን ከየት ይወቅ? እንደ አንድ ውሃ አባካኝ ቤት ይቆጥረንና ውዱ እርከን ላይ ይሰቅለናል። ከአጥሩ ወዲያ ባልና ሚስት ብቻቸውን ይኖራሉ። መኪናቸውን በቱቦ ያጥባሉ። ለአንድ ሜትር ኩብ የሚከፍሉት ግን ከኛ ያነሰ ነው። ድጎማው ለኛ ተብሎ ወጣ፣ እነሱ ጋ ደረሰ። ቢሉ በመጣ ቁጥር ደግሞ ግቢው ይታመሳል። «እናንተ ልብስ ታበዛላችሁ!» «የናንተ ልጆች ቧንቧ መዝጋት መቼ ያውቃሉ!»

ደቡብ አፍሪካም ተመሳሳይ ጣጣ አለ። ለአንድ ቤት በወር 6,000 ሊትር በነጻ የሚል ፖሊሲ አላቸው። ስሌቱ 8 ሰው በቀን 25 ሊትር በነፍስ ወከፍ ነው። አንድ ቆጣሪ ላይ 16 ሰው ካለ ድርሻው በግማሽ ይወርዳል። ቺሊዎች እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጡት ሕግ ሌላ መንገድ ያዙ። ድጎማውን ታሪፉ ውስጥ አልከተቱትም፤ ማዘጋጃ ቤቱ ችግረኛውን ቤተሰብ ይለያል፣ ከቢሉ ከፊሉን መንግሥት ይከፍልለታል። ልየታው ራሱ ሥራና ወጪ አለው። ቢያንስ ግን የሚታየው ሰዉ ነው፣ ቆጣሪው አይደለም።

«ታዲያ ለሁሉም ይርከስ» የሚሉኝ አሉ። አልስማማም። ቧንቧ ጨርሶ የሌለው ሰው ከኛም ይብሳል። ውሃ በጀሪካን ይገዛል፣ በሊትር ሲሰላ ከባለ ቧንቧው እጥፍ ድርብ ይከፍላል። ታሪፍ ቢረክስ እሱ ምን ያገኛል? ድርጅቱ ገንዘብ ካላገኘ መስመሩም አይደርሰውም። የካምቦዲያ ዋና ከተማ የፕኖም ፔን ውሃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1993 ካመረተው ውሃ 72 በመቶው ከመስመር በመፍሰስና በስርቆት ይጠፋበት ነበር። ከአሥራ ምናምን ዓመት በኋላ ወደ 6 በመቶ አወረደው። ቆጣሪ አስገባ፣ ባለሥልጣን ሳይቀር አስከፈለ፣ ከዚያም ለድሃ ሰፈሮች የቧንቧ ማስገቢያውን ክፍያ ቀነሰ፣ በየወሩም አከፋፈለው። ድሃውን ደጅ የሚያስቀረው ብዙውን ጊዜ ይኸው የማስገቢያ ክፍያ ነው።

ቋሚውን የአገልግሎት ክፍያ ሳልጠቅስ አላልፍም። ውሃ ጠፍቶ ሲከርም እንኳ ይመጣል! ለምን?

ቢሮ ሄጄ የጋራ ቆጣሪ ያለበት ግቢ ርካሹ እርከን በቤት ቁጥር ይባዛለት ብዬ ጠየቅኩ። አራት ቤት ከሆነ 5 መሆኑ ቀርቶ 20 ይሁን ነው ያልኩት። ልጅቷ በትህትና አዳመጠችኝ። «ጋሼ፣ ሲስተሙ አይቀበልም» አለችኝ። በየቤታችሁ ቆጣሪ አስገቡ ብላ ቅጽ ሰጠችኝ። ቅጹ ክፍያው በአንድ ጊዜ ነው ይላል።

ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቻለሁ፤ ሁለቱ ለውሃው፣ አንዱ ለጥገና ሠራተኞቹ። እርከኑን በቤት ካባዙልን አራተኛውን እጨምራለሁ።