በሙቀቱ ወይስ በብርዱ?

ለማኅበራዊ ፍትሕ የሚታገል ሰው ገጠር ወዳለ የማረፊያና የሥልጠና ማዕከል ሊሄድ ሲል መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ትምህርቱ ነው። እኔ ግን ወሩን አስቀድሙ ባይ ነኝ።

ሞቃቱ ወቅት የብዙ ሰው ነው። ቀኑ ረጅም፣ ስብሰባው ዛፍ ሥር። ከማታውቁት ሰው ጋር ባቄላ እየፈለፈላችሁ ስለ ቤት ኪራይ ትግል ታወራላችሁ። የጥቁር አሜሪካውያን መብት ታጋይዋ ሮዛ ፓርክስ፣ አሜሪካ ቴነሲ ግዛት ውስጥ ወዳለው ሃይላንደር የተባለ የሥልጠና ማዕከል የሄዱት እ.ኤ.አ. በ1955 በዚሁ በሞቃቱ ወቅት ነበር። ጥቁርና ነጭ በሕግ ተለያይተው በሚኖሩበት በዚያ ዘመን፣ እዚያ ማዕከል ጥቁርና ነጭ አንድ ገበታ ላይ ይቀርቡ ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 1፣ ሮዛ አላባማ ግዛት ሞንትጎመሪ ከተማ ውስጥ የአውቶቡስ መቀመጫቸውን ለነጭ ተሳፋሪ አልለቅም አሉ። ሥልጠናው ብቻውን ያመጣው አይደለም፤ ሴትዮዋ ከዚያ በፊትም ለዓመታት ታግለዋል።

ችግሩ ጫጫታው ነው። ለማረፍ ሄዶ ደክሞ የሚመለስ ሞልቷል።

በብርዱ ወራት ሰው ይሳሳል። ምድጃ ዙሪያ አምስት ስድስት ሆናችሁ ትቀመጣላችሁ። እንጨቱ ሲንጣጣ ይሰማል። ቀኑን ሙሉ ዝም ያለው ሰውዬ ድንገት ለምን ድርጅቱን እንደለቀቀ ማውራት ይጀምራል። ማንም አያቋርጠውም፤ የሚቸኩልበት የለማ! እርግጥ በረዶ መንገድ ከዘጋ አሠልጣኙም ይቀራል፣ ፕሮግራሙም ይፈርሳል።

ለትግሉ አዲስ ከሆናችሁና ሰው መተዋወቅ ከፈለጋችሁ፣ ሙቀቱ። ለዛለ ሰው ግን ያለ ምንም ማመንታት ብርዱን እመርጣለሁ። ወፍራም ካልሲ ብቻ እንዳትረሱ፤ አንዱ መርጠቡ አይቀርምና ሁለት ጥንድ ያዙ።