ለባቄላ ማሳ፦ ዩሪያ ወይስ ሕያው ማዳበሪያ?

ከአንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎው ናይትሮጅን ነው። ለጤፍና ለስንዴ ክርክር አያስፈልግም፤ ዩሪያው ይግባ። ባቄላ፣ ሽንብራና አኩሪ አተር ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው።

ሕያው ማዳበሪያ የሚባለው ራይዞቢየም የተባለውን ባክቴሪያ የያዘ ዱቄት ነው። ባክቴሪያው ሥር ውስጥ ገብቶ እባጭ ይሠራል፤ ተክሉ ስኳር ይመግበዋል፣ እርሱ ደግሞ የአየሩን ናይትሮጅን ወደ አሞኒያ ለውጦ ውለታውን ይከፍላል። ሰብሉ ሲያብብ አንዱን ከነአፈሩ ቆፍራችሁ አውጡና እባጩን በጥፍር ሰንጥቁት። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ሥራ ላይ ነው፤ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ከሆነ ቦዝኗል።

ዩሪያ ላይ ላዩን ከተበተነ ይተናል፤ ዝናብ ሲበረታም ናይትሮጅኑ ታጥቦ ይሄዳል። በናይትሮጅን የጠገበ ባቄላ ደግሞ እባጭ ለመሥራት ይሰንፋል፤ ስለዚህ ሁለቱንም አብዝቶ መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው።

ሕያው ማዳበሪያውም ቢሆን እንክብካቤ ይሻል። ፀሐይ ይገድለዋል፤ ዘሩ በጥላ ሥር በስኳር ውኃ ከዱቄቱ ጋር ተለውሶ ወዲያው መዘራት አለበት። የአኩሪ አተሩ ለባቄላ አይሆንም፤ ሲገዙ በማሸጊያው ላይ የሰብሉን ስም ማንበብ ግድ ነው። አሲዳማ አፈር ላይ ኖራ ሳይጨመር፣ ፎስፈረስ ባነሰውም ማሳ ላይ ብቻውን ከእርሱ ብዙ ውጤት አይጠበቅም።

የእኔ ፍርድ ወደ ሕያው ማዳበሪያው ያደላል፤ በተለይ አኩሪ አተር ተዘርቶበት በማያውቅ መሬት ላይ። ባቄላ ለዘመናት በተመላለሰበት የደጋ ማሳ ግን ባክቴሪያው አፈሩ ውስጥ ቀድሞ ሊገኝ ስለሚችል ልዩነቱ ያንሳል።