ሰጋቱራ ወይስ የላሜራ ሳፋ?

ጋራዥ የከፈቱ ጓደኞቼ ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቁኛል፦ «ወለልህ ላይ ዘይት የማይታየው ምን ገዝተህ ነው?» እኔ የምለው ሰጋቱራ ላይ ብር አትጨርሱ፣ ደህና የዘይት መቀበያ ሳፋ አሠሩ ነው።

የጀመርኩት በፕላስቲክ ሳፋ ነበር፣ 350 ብር። ከሞቀ ሞተር የወረደ ዘይት ሲሞላው ለሰለሰ። ላነሳው ስል መሃሉ ጎበጠና 4 ሊትር ዘይት ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ሁለት ማዳበሪያ ሰጋቱራ በተንኩበት። እንደዚያም ሆኖ ረዳቴ ተንሸራቶ ክንዱ ተጎዳ። ለሕክምናው የከፈልኩት ከሳፋው ዋጋ ይበልጣል።

ቀጥሎ የተሠራ የላሜራ ሳፋ በ900 ብር ገዛሁ። ቀለሙ ያምራል። ማታ ዘይት እንደያዘ ትቼው ሄድኩ፤ ጠዋት ስመጣ ሥሩ ረጥቧል። ማዕዘኑ ላይ ያለው ብየዳ ያሳልፋል።

በመጨረሻ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ሄጄ በ1,800 ብር አሠራሁ። 1.5 ሚሊ ላሜራ፣ ማዕዘኑ ተቆርጦ የተበየደ ሳይሆን የታጠፈ፣ በአንድ በኩል መቅጃ አፍ ያለው። እናንተም የተበየደ ከገዛችሁ በውሃ ብቻ አትፈትሹ። ብየዳውን ከውጭ በጠመኔ ቀቡትና ከውስጥ ላምባ አፍስሱበት። ውሃ የማያልፍበትን ቀዳዳ ላምባ ያልፍበታል፤ ጠመኔው ላይ ጥቁር ነጥብ ካያችሁ አትክፈሉ።

አሁን ሂሳቡን እንየው። ድሮ በሳምንት ሁለት ማዳበሪያ ሰጋቱራ እጨርስ ነበር። አንዱ 80 ብር ስለነበረ 160 ብር ማለት ነው። ዛሬ አንዱ ማዳበሪያ ሦስት ሳምንት ይቆየኛል። ሳፋው በ14 ሳምንት ውስጥ ወጪውን መለሰ።

ሰጋቱራውን ጨርሶ አልተውኩትም። ፊልትሮ (የዘይት ማጣሪያው) ሲፈታ በጎን የሚንጠባጠበውን ሳፋ አይደርስበትም። ደቃቁን ምረጡ፤ ፍቅፋቂው ዘይቱን አይመጥም፣ ይንሳፈፍበታል። በትናችሁ በመጥረጊያ አሹት፣ ጥቂት ቆይታችሁ ጥረጉት። የተጠረገውን ጥግ ላይ አትከምሩ፤ ዘይት የጠጣ ሰጋቱራ የብየዳ ብልጭታ ይበቃዋል። ክዳን ያለው የብረት በርሜል ውስጥ ክተቱት። የባትሪ አሲድ ከፈሰሰ ደግሞ ሰጋቱራ ሳይሆን ቤኪንግ ሶዳ ነው የሚደረግበት፤ አረፋው ሲቆም በውሃ ይታጠባል።

ወለሉን በቤንዚን የሚያጥቡ አሉ። እባካችሁ ተዉት። ኦሞና ሙቅ ውሃ ይበቃል።