ያገለገለ ፒኤስ 3 ወይስ ያገለገለ ፒኤስ 4? ጅማ ላይ ለሚገዛ ሰው

በዚህ ክረምት ብቻ አምስት ሰው «ያገለገለ ፒኤስ 3 ልግዛ ወይስ ፒኤስ 4?» ብሎ ጠይቆኛል፤ ፒኤስ ማለት ፕሌይስቴሽን፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካው የጨዋታ ዕቃ ነው። አንዱ የአክስቴ ልጅ ነው፤ ሌላው ለሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ሊገዙ ያሰቡ ጎረቤታችን ጋሼ ናቸው። ሁሉም የሚጀምሩት በአንድ ዓይነት ቃል ነው፦ «ለኳስ ጨዋታ ብቻ ነው፤ ርካሹ አይበቃም?» አይበቃም። የርካሹን ዕዳ ከፍዬ ያየሁት እኔ ስለሆንኩ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ከምተርክ አንድ ጊዜ ልጻፈው።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ገንዘቡ እስኪሞላ ጠብቁና ፒኤስ 4 ስሊም፣ ማለትም ከወፍራሙ በኋላ የወጣውን ቀጭኑን ሞዴል ግዙ። ፒኤስ 3 የሚያዋጣው ሰው አለ፤ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ። አብዛኞቹ ጠያቂዎቼ ግን እንደዚያ ሰው አይደሉም።

መጀመሪያ ዋጋ። ባለፈው ወር እዚሁ ጅማ ከመርካቶ እስከ ፈረንጅ አራዳ ያሉትን ሱቆች ዞሬ ጠይቄያለሁ። ፒኤስ 3 ስሊም ከ15,000 እስከ 18,000 ብር፣ የመጀመሪያው ወፍራም ፒኤስ 4 ከ30,000 እስከ 33,000 ብር፣ ፒኤስ 4 ስሊም ከ36,000 እስከ 40,000 ብር ይባላል። እነዚህ ሻጩ የሚጠራቸው ዋጋዎች ናቸው፤ ቆሞ ለሚከራከር ሰው ከ1,000 እስከ 2,000 ብር ይወርዳሉ። የቡና ገንዘብ በሰው እጅ በሚገባበት ወቅት ግን ማንም አይቀንስላችሁም። ክረምት ላይ ሻጩ ራሱ ደውሎ «መጥተህ ውሰደው» ይላል። ስለዚህ የምትቸኩሉበት ነገር ከሌለ ሐምሌና ነሐሴን ጠብቁ።

አሁን የእኔን ሒሳብ ላስቀምጥ፤ በደብተር ይዤዋለሁ። መስከረም 2015 ዓ.ም. ወፍራሙን ፒኤስ 3 በ9,500 ብር ገዛሁ። ሁለት ጆይስቲክና ሃርድ ዲስኩ ላይ የተጫኑ 12 ጨዋታዎች ነበሩት። በሦስተኛው ወር አንድ ማታ ጨዋታ መሐል ድርግም አለ። መልሼ ሳበራው ቢጫ መብራት ብልጭ ብሎ ቀይ መብራት ያርገበግብ ጀመር። ይህ የወፍራሙ ፒኤስ 3 የታወቀ በሽታው ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ለዓመታት ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ከኖረው ዋናው ሰሌዳ ነው። ወፍራሙ ሞዴል ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2009 ስሊሙ ተተክቶበታል። ዛሬ እጃችሁ የሚገባው ከ15 ዓመት በላይ የሠራ ዕቃ ነው ማለት ነው።

ጠጋኙ ሰሌዳውን በሞቃት አየር አሙቆ አስነሣልኝና እንዲህ አለኝ፦ «ወንድሜ፣ እንዳታማኝ። ስንት ቀን እንደሚቆይ እኔም አላውቀውም።» 1,200 ብር ከፈልኩ፤ ሰባት ሳምንት ሠራ። ሁለተኛው ማሞቅ 1,500 ብር ወሰደ፤ ያኛው የቆየው 19 ቀን ብቻ ነው። ጠጋኙን አልወቅስም፤ እውነቱን ነግሮኝ ነው የሠራው። በዚህ መሐል የሲዲ ማንበቢያውን በ1,700 ብር አስቀየርኩ። ጆይስቲክም አራት ጊዜ፣ እያንዳንዱን በ650 ብር ገዛሁ፤ እሱ 2,600 ብር ነው። ሁሉም ሲደመር በ14 ወር ውስጥ 16,500 ብር ወጣ። መጨረሻ ላይ ለመለዋወጫ በ2,000 ብር ሸጥኩት። ያኔ ወፍራም ፒኤስ 4 በ21,000 ብር ይገኝ ነበር። ካወጣሁት 16,500 ጋር ልዩነቱ 4,500 ብር ነው፤ ለ4,500 ብር ብዬ 14,500 ብር ጣልኩ።

ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ዕቁብ ወጣልኝና ፒኤስ 4 ስሊም በ27,000 ብር ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ ያወጣሁበት ይኸው፦ ማጽዳትና ፔስት (ሙቀት የሚያሻግረውን ቅባት) መቀየር 1,000 ብር፣ ያገለገለ ኦሪጅናል ጆይስቲክ 3,800 ብር፣ የጆይስቲክ መዘውር (በአውራ ጣት የሚንቀሳቀሰውን) ሁለት ጊዜ ማስቀየር 800 ብር። ድምሩ 32,600 ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የገባው ዕቃ ሁሉ ዋጋው ስለወጣ፣ ይህንኑ ዕቃ ዛሬ በ38,000 ብር የሚጠይቀኝ ሰው አለ። አልሸጠውም። ግን የተገዛበት ገንዘብ ውስጡ እንዳለ ማወቅ ራሱ ያሳርፋል።

«ብዙ ነው» ለሚሉኝ ጋሼ ያሳየኋቸው ስሌት ሌላ ነበር። በሰፈራችን ጌም ቤት አንድ ጨዋታ 20 ብር ነው፤ የሚከፍለው ተሸናፊው ነው። ሁለቱ ልጆቻቸው እርስ በርስ ስለሚጫወቱ ማንም ቢሸነፍ ገንዘቡ ከአንድ ኪስ ነው የሚወጣው። በቀን ሦስት ጨዋታ 60 ብር፣ በወር 1,800 ብር። የ38,000 ብር ዕቃ በ21 ወር ገደማ ራሱን ይከፍላል፤ ልጆቹም በዓይናቸው ፊት ያድጋሉ። ጋሼ ስሌቱን ሁለት ጊዜ አስደግመው ሰሙኝ።

የጨዋታውን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ፊፋና ፒኢኤስ የሚባሉት የኳስ ጨዋታዎች በየዓመቱ አዲስ ይወጡ ነበር፤ ለፒኤስ 3 የወጣው የመጨረሻው ፊፋ ፊፋ 19 ነው፤ የመጨረሻው ፒኢኤስ ደግሞ ፒኢኤስ 2018። ቡድኖቹን አዘምነው የሚጭኑ ሰዎች አሉ፤ ያላዘመነው ግን ሜሲን ባርሴሎና፣ ሃዛርድን ቼልሲ ያገኘዋል። የአክስቴ ልጅ ታናሽ ወንድም ማንቸስተር ሲቲን ከፍቶ ሃላንድን ከላይ እስከ ታች ሲፈልግ አይቻለሁ። ሃላንድ ያኔ ገና ኖርዌይ ውስጥ ሞልዴ ነበር። ለፒኤስ 4 ግን የፊፋ ስም ኤፍሲ ከሆነ በኋላም፣ ኤፍሲ 25ን ጨምሮ ወጥቷል።

ገንዘብ የሚበላው ጆይስቲኩ ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡኝ። ለፒኤስ 3 አዲስ ተብሎ እዚህ የሚሸጥ ኦሪጅናል ጆይስቲክ እኔ አላገኘሁም። የገዛኋቸው አራቱም ቅጂ ነበሩ፤ ከሁለት ወር ያለፈ አንድም የለም። ለፒኤስ 4 ግን ያገለገለ ኦሪጅናል ይገኛል። ቅጂው 1,200 ብር ነው፤ ኦሪጅናሉ ከ3,500 እስከ 4,000። አንድ ቀን ሁለቱን ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ከጀርባ ያሉትን አራት ብሎኖች ፈታሁ። ኦሪጅናሉ ባትሪ ላይ 1000 ሚሊአምፒር-ሰዓት (mAh) ተብሎ በጥርት ያለ ጽሑፍ ታትሟል፤ ባትሪውም በልኩ በተሠራ ቤት ውስጥ ግጥም ብሎ ተቀምጧል። ቅጂው ውስጥ ያለው የግማሹን ያህል የሚሆን፣ በሙጫ የተለጠፈ ባትሪ ነው። የሚንቀጠቀጠው ሞተር ከአንድ ወገን ብቻ አለ፤ የሌላው ቦታ ባዶ ነው። ከውጭ ስታዩት ቀለሙም ምልክቱም ያው ነው። ስለዚህ በዓይን አትግዙ። በእጃችሁ መዝኑት፤ ቅጂው ይቀላል። ነቅንቁት፤ ከውስጥ የሚንኳኳ ነገር ካለ መልሱት። ኳስ ስትመቱ ከጣታችሁ ዘግይቶ ከሆነ የሚመታው፣ ያለ ክርክር ተዉት። አንዱ ቅጂዬ ደግሞ ሲስተሙን ባዘመንኩ ማግስት ጨርሶ አልታወቅ አለ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጆች መጫወቻ ነው።

ኦሪጅናሉም ቢሆን አይበላሽም አልልም። መዘውሩ ከጊዜ ብዛት ሳይነካ ተጫዋቹን ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ኦሪጅናሉ በ400 ብር ይጠገናል፤ ቅጂውን ጠጋኙም እጁ ላይ አያስቀምጠውም።

ቤታችሁ ያለው ቴሌቪዥን አንድ ከሆነ ደግሞ ይህን ስሙ። በእኛ ቤት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ቴሌቪዥኑ የእማዬ ነው፤ ቃና ላይ የምትከታተለው ድራማ አላት። ፒኤስ 3 እያለ 70ኛው ደቂቃ ላይ ደርሼም ቢሆን ጨዋታውን ዘግቼ መነሣት ነበረብኝ፤ እሷም ቆማ ትጠብቀኛለች፣ እኔም እለምናለሁ፤ በየማታው ቅሬታ ነው። ፒኤስ 4 ጨዋታውን ባለበት አቁሞ ያሳርፈዋል። ድራማው ሲያልቅ ስቀሰቅሰው ኳሷ በቆመችበት አለች። ይህ ነገር ማስታወቂያ ላይ ትልቅ ቦታ አይሰጠውም፤ ቤታችን ውስጥ ግን የብዙ ማታ ሰላም ነው። አንድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባረፈበት መብራት ከጠፋ ጨዋታው ይጠፋል፤ ሲበራም ሃርድ ዲስኩን ካልፈተሽኩ ብሎ ያቆያችኋል። ደመና ሲከብድ አታሳርፉት፤ ዝጉት።

ስለ መብራት ካነሣሁ፣ የጅማን ዝናብና ነጎድጓድ የማያውቅ የለም። ጎረቤት ቤት አንድ ፒኤስ 4 ምስልና ድምፅ ወደ ቴሌቪዥን የሚያወጣው የኤችዲኤምአይ ክፍሉ ተቃጥሎ አይቻለሁ። ጠጋኙ እንዳስረዳን፣ መብረቁ የገባው ከሶኬቱ ሳይሆን በዲሹ ገመድ ነው፤ ከዲሽ ወደ ሪሲቨር፣ ከሪሲቨር ወደ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥኑ ወደ ፒኤስ 4። ጥገናው 4,500 ብር ነበር። እኔ አሁን ነጎድጓድ ስሰማ ሶኬቱንም የኤችዲኤምአይ ገመዱንም እነቅላለሁ። መብራት ተመልሶ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ሳልታገሥ አልሰካም።

ዕጣንና ከሰልም ቀላል ነገር አይደሉም። የእኛ ቴሌቪዥን ያለው ቡና በሚፈላበት ክፍል ነው። ፒኤስ 4ቱ በዓመቱ ድምፁ እንደ ወፍጮ ሲሆን አስከፈትኩት፤ የማራገቢያው ክንፎች ላይ ጥቁርና ወዛም የሆነ አቧራ ተጋግሮ ነበር። ሲጠረግ ዕጣን ዕጣን ሸተተ። ያ የ1,000 ብር ጽዳት ጩኸቱን ፍጹም አጠፋው። አሁን ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ፣ ከረከቦቱ ራቅ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ። ዳንቴል አታልብሱት፤ አየር ይፈልጋል።

ወፍራሙን ፒኤስ 4 ለምን አልመክርም? ከስሊሙ በ6,000 ብር ገደማ ይረክሳል፤ ግን ዕድሜው እ.ኤ.አ. ከ2013 የሚጀምር ነው። ከሥሩ ያለችው የላስቲክ እግር ስታብጥ ሲዲ ማስወጫውን እየነካች ማንም ሳያዘው ሲዲ እንዲተፋ የምታደርግበት ችግርም አለው። ስሊሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ከጀርባው የተጻፈው ቁጥር ሲዩኤች 2 ብሎ ከጀመረ ስሊም ነው፤ ሲዩኤች 1 ካለ ወፍራሙ ነው፤ ሻጭ የፈለገውን ይበል።

ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካውን፣ «አሥር ሺህ ጨዋታ አለው» የሚባለውን ትንሽ ዕቃ ለልጅ ገዝታችሁ 4,000 ብር አታጥፉ። ጨዋታዎቹ የጥንት ናቸው፤ ብዙዎቹም አንድ ዓይነት ሆነው ስማቸው ብቻ ተለዋውጦ የተደረደሩ ናቸው።

ፒኤስ 3 የሚያዋጣው ማንን ነው? ቤቱ ያለው ቴሌቪዥን ኤችዲኤምአይ የሌለው የድሮው ባለ ትልቅ ሆድ የሆነበትን ሰው። ፒኤስ 3 በሦስቱ ባለ ቀለም ገመዶች ይሠራል፤ ፒኤስ 4 ግን ኤችዲኤምአይ ብቻ ነው ያለው፤ መቀየሪያ ገዝቶ ማገናኘት ምስሉን ያደበዝዘዋል። ለእንዲህ ያለ ሰው ስሊሙን ፒኤስ 3፣ ከ15,000 ብር ሳያልፍ እመክራለሁ። ወፍራሙን በነፃ ቢሰጡትም እንዳይቀበል።

«አዲስ አበባ አይረክስም ወይ?» ይረክሳል፤ 2,000 ብር ያህል። ግን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ መጥቶ ቢበላሽ ማንን ትይዛላችሁ? እዚህ የሸጠላችሁን ሰው ነገ ጠዋት ሂርማታ ገበያ ታገኙታላችሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ከጋሼ ጋር አንድ ሱቅ ገባን። ስሊም፣ 34,000 ብር። ርካሽ ነበር፤ ጋሼም ልባቸው ወደደው። አርባ ደቂቃ ሳይጠፋ እንዲሠራ ጠየቅን፤ ሻጩ ቅር እያለው አበራልን። በ25ኛው ደቂቃ የኤችዲኤምአይ ገመዱን በጣቴ ብነካው ምስሉ ተንቀጥቅጦ ጠፋ፤ መሰኪያው ተነቅሎ እንደገና የተበየደ ነበር። ሻጩ ወደ 31,000 ወረደ። ጋሼ አዩኝ፤ ራሴን ነቀነቅሁ፤ ወጣን። ማክሰኞ ዕለት ሌላ ቦታ በ37,500 ብር አገኘን። አርባውን ደቂቃ ያለ አንዳች ችግር ሠራ፤ በራሴ አካውንት ስገባም የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ ዕቃውን አልከለከለውም፤ አንዱን ጆይስቲክ ፈትተን ባትሪውን አየነው። ካርቶን አልነበረውም። ጋሼ በጋቢያቸው ጠቅልለው ባጃጅ ውስጥ ጭናቸው ላይ አድርገው ወሰዱት።