«በአንድ እጅ ይሰራል» ሲሏችሁ «በየትኛው እጅ?» በሉ

አንድ እጃችሁ የማይታዘዝላችሁ፣ ወይም እንዲህ ላለ ሰው ካሜራ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ ይቺን ሳታነቡ ብር እንዳትከፍሉ።

ቀኝ እጄ ከስትሮኩ ወዲህ አይጨብጥም። ለልጅ ልጄ ክርስትና ፎቶ ማንሳት ፈለግሁና ቴሌግራም ላይ «በአንድ እጅ የሚሰራ፣ ቀላል» የሚል ማስታወቂያ አይቼ ደወልኩ። ስለ እጄ ለሻጩ በስልክ ነገርኩት። ሱቁ ሄጄም አሳየሁት። «ምንም ችግር የለውም እናቴ፣ እኔም በአንድ እጅ ነው የማነሳው» ብሎ እያነሳ አሳየኝ። እውነቱን ነው፣ አነሳ። ግን በቀኝ እጁ ነበር። እኔም ያኔ ልብ ሳልለው ካሜራውን ገዛሁ።

ቤት ስገባ ነው የገባኝ። ማንሻው ቁልፍ ከላይ በቀኝ በኩል ነው። መጨበጫውም በቀኝ ነው። ይህ የኔ ካሜራ ብቻ ችግር አይደለም፤ ገበያ ላይ ያሉት ከሞላ ጎደል ሁሉም እንዲሁ ናቸው። በ1936 እ.ኤ.አ. ድሬስደን ከተማ የወጣው ኪነ ኤክዛክታ የተባለ ካሜራ ማንሻው በግራ ነበር። ዛሬ እንደዚያ ያለ ፈልጋችሁ ሱቅ ብትዞሩ ድካም ነው። ካሜራውን ገልብጬም ሞከርኩ። መጨበጫው ወደ ግራ ይመጣል፣ ማንሻው ግን ወደ ታች ይሄድና በትንሿ ጣት መጫን ይሆናል። ከነሌንሱ ወደ 700 ግራም የሚሆን ነገር ይዞ! ሁለት ጊዜ ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

ዙሙ ደግሞ ሌንሱ ላይ ያለውን ቀለበት በማዞር ነው። ስለዚህ ቀኛችሁ ደህና ሆኖ ግራችሁ የማይሰራም ብትሆኑ እንዲህ ያለው ካሜራ አይሆናችሁም። ለእናንተ የሚሻለው ዙሙ ማንሻው ዙሪያ ያለ፣ በጣት ገፋ ሲያደርጉት ሌንሱ በራሱ የሚወጣ ነው። ትንንሾቹ ኮምፓክት ካሜራዎች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። እንደኔ በግራ ለሚይዝ ሰው ደግሞ ወደ ጎን የሚከፈት ስክሪን ሌላ ጣጣ ነው። የሚከፈተው በግራ በኩል፣ ልክ እጃችን በሚያርፍበት ቦታ ነው።

መልሱልኝ ብዬ ሄድኩ። ግድግዳው ላይ «የተሸጠ እቃ አይመለስም» ተለጥፏል። ይባስ ብሎ 3,500 ብር የሚሸጥ፣ ቁልፍ ያለው እጀታ አወጣልኝ። «ከስር ያስሩትና በግራ እጅዎ ይጫናሉ» አለኝ። ክርስትናው ስለደረሰ ጨንቆኝ ገዛሁ። ቁልፉ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ብቻ የሚሰራ ኖሯል። ካሜራው ጭራሽ አያውቀውም። ብሎኑ ስለገጠመ ይሰራል ማለት አይደለም፤ ከካሜራ ስር ያለው ቀዳዳ የአብዛኞቹ ሩብ ኢንች ስለሆነ ማንኛውም እጀታ ይገጥምበታል። ካሜራን ማዘዝ የሚችል እጀታ አለ፣ ግን ከዚያው ከምትገዙት ካሜራ ጋር የሚነጋገር መሆን አለበት። እዚያው ቆማችሁ ፎቶ ሳታነሱበት አትክፈሉ።

ለእናት ለአባታችሁ የምትገዙ ልጆች፣ የእነሱን ደካማ እጅ አስቡና ያንኑ እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ። ከዚያ አብሩት፣ አንሱበት፣ ዙም አድርጉ፣ ባትሪውን አውጡና መልሱ። የባትሪው ክዳን ላይ ስንቶቻችን እንደምንቸገር ሻጭ አያውቅም።

አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው እቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። የኔ ችግር ሁሉንም በቃል መጨረሴ ነው። እናንተ በጽሁፍ ጠይቁ። «ቀኝ እጄ አይሰራም፣ በግራ ብቻ ማንሳት እችላለሁ?» ብላችሁ ጻፉለትና መልሱን አስቀምጡ። ደረሰኝም ተቀበሉ።

ክርስትናውን በመጨረሻ በስልኬ አነሳሁት። ሳምሰንግ ነው። ማንሻዋን ስክሪኑ ላይ ወደ ፈለግሁበት ቦታ፣ ወደ ግራ አውራ ጣቴ ጎትቼ አስቀመጥኳት። የድምፅ ትእዛዙ ከቅንብሩ ውስጥ ከተከፈተ «ቺዝ» ሲሉትም ያነሳል። ካሜራ ካልሆነ የምትሉ ደግሞ ኦስሞ ፖኬት 3 የምትባለውን ትንሽ ባለ እጀታ ካሜራ እዩት። 179 ግራም ነው፣ ቁልፎቹ ከስክሪኑ ስር መሀል ላይ ስለሆኑ በግራም በቀኝም በአውራ ጣት ይደረስባቸዋል። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ እኔም ገና አልገዛሁትም።

የዚያ ሱቅ ማስታወቂያ ዛሬ ጠዋትም ቴሌግራም ላይ አለ። «በአንድ እጅ የሚሰራ» የሚለው አሁንም አልተነሳም።